ሐኪም ያልነገረው ሁሉ ጤነኛ ነውን?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ አባቶቻችን። ቃሉ እውነት ነው። ዳሩ ግን በሽታውን ደብቆ ሳይሆን፣ መኖሩን እንኳ ሳያውቅ ተሸክሞት ስለሚዞረው ሰው ምን እንበል? እርሱ የደበቀው ነገር የለም። ሲጠይቁት የሚያውቀውን በቅንነት ይመልሳል፤ ጠያቂውም የተባለውን ጽፎ ይሄዳል። ከዚያም ያ መልስ ከብዙ ሺህ መልሶች ጋር ተደምሮ ቁጥር ይሆናል። ቁጥሩ በስብሰባ ላይ ይነበባል፤ ሐኪምና መድኃኒት የሚደለደለውም እርሱን በማየት ነው። ዛሬ ለአንባብያን ላቀርብ ያሰብሁት ይህንኑ ነገር ነው፤ ይኸውም የጤና ጥናት በአዋቂዎች ላይ ያለውን ሥር የሰደደ በሽታ ምን ብሎ ይሰይመዋል፣ በምንስ ይለካዋል? የሚለው ጥያቄ ነው።

ነገሩን ከመጽሐፍ ብቻ አንብቤ አልጻፍሁትም። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ሥራ በምፈልግበት ጊዜ፣ ለአንድ የጤና ጥናት ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ የሚጠይቁ ወጣቶች ይፈለጋሉ ሲባል ሰምቼ ተቀጠርሁ። የደረሰኝም የይፋት ቆላ ሆነ። ከደብረ ብርሃን ብርድ ተነሥቶ፣ የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ፣ ደብረ ሲናን ወደ ኋላ ትቶ ቁልቁል የወረደ መንገደኛ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ካፖርቱን በክንዱ ላይ ያደርጋል። ከተማው በደሴ መንገድ ላይ ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ዙሪያው የሽንኩርት፣ የማሾ፣ የማሽላና የጤፍ አገር ነው። ሕዝቡ ደግሞ ሠርቶ አዳሪ፣ እንግዳ ተቀባይ ነው፤ መጠይቄን ይዤ በገባሁበት ቤት ሁሉ ቡና ሳልጠጣ የወጣሁበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ከዕለታት አንድ ቀን ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ አንድ ገበሬ ሽንኩርቱን ውሃ ሲያጠጣ አገኘሁት። ዕድሜውን ብጠይቀው «በሰባ ሰባቱ ረሃብ ጊዜ ሚስት ታጭቶልኝ ነበር፤ ክፉ ቀን መጣና ሠርጉ ቀረ» አለኝ። እኔም አስልቼ 60 ብዬ ጻፍሁ። ቀጥሎ በወረቀቱ ላይ እንደ ታተመው «አባባ፣ ሐኪም ወይም ሌላ የጤና ሠራተኛ የደም ግፊት አለብዎ ብሎ ነግሮዎት ያውቃል?» ስል ጠየቅሁት። ገበሬውም ሣቅ ብሎ «ልጄ፣ እኔ ለወባ ካልሆነ ሐኪም ፊት ቆሜ አላውቅም። አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ» ሲል መለሰልኝ። «የለም» በሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ። ምሳ ይዘው የመጡት ባለቤቱ ግን ከጐኑ ቆመው «ምኑን ደህና ሆነ! ሌሊት ሌሊት ራሱን በሻሽ አስሮ አይደል የሚያድረው» አሉ። መጠይቁ ሻሽ የሚጻፍበት ቦታ አልነበረውም። እኔም አመስግኜ ወደሚቀጥለው ቤት ሄድሁ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ወደዚያው አገር ስመለስ ያ ሰው እማሳው ውስጥ ወድቆ ቀኝ ጐኑ እንደማይታዘዝለት ሰማሁ። ዘመዶቹ ልክፍት ነው ብለው ብዙ ቀን በዱዓ አቆይተውት ኖሮ፣ በመጨረሻ ሐኪም ቤት ሲወስዱት የደም ግፊቱ እጅግ ከፍ ብሎ ተገኘ። አንደበቱም ተይዟል። ባለቤቱ ዐውቀውኝ ቡና ከማቅረብ በቀር ምንም አልወቀሱኝም። ወቀሳው የመጣብኝ ከራሴ ነው። ምክንያቱም እኔ የጻፍሁት ወረቀት አልተለወጠም። ያ ሰው በጥናቱ ሠንጠረዥ ውስጥ ዛሬም ጤነኛ ነው።

እንግዲህ ጥያቄውን እንመርምረው። «ሐኪም ነግሮዎት ያውቃል?» የሚለው አጠያየቅ በዓለም ሁሉ የተለመደ ነው፤ ርካሽ ነው፤ ለጠያቂውም ለተጠያቂውም ይቀላል። ሐኪም በየመንደሩ ባለበት፣ ሰውም በየዓመቱ በሚመረመርበት አገር ብዙም አያሳስትም። በእኛ አገር ግን በአንዱ ጥያቄ ውስጥ ሦስት ጥያቄዎች ተደብቀዋል። አንደኛው፣ በሽታው አለብዎን? ሁለተኛው፣ ሐኪም አግኝተው ያውቃሉን? ሦስተኛው፣ ሐኪሙ የነገረዎትን ተረድተው አስታውሰውታልን? የሚል ነው። ከሦስቱ በአንዱ «አይደለም» ያለ ሁሉ ጤነኛ ተብሎ ይቈጠራል።

ከዚህም የሚመጣው ስሕተት ቀላል አይደለም። ሆስፒታል በቅርቡ ያለው የአዲስ አበባ ነዋሪ በሽታው ስለ ተነገረው «አዎን» ይላል። የይፋቱ ገበሬ ስላልተነገረው «የለም» ይላል። ሁለቱ ሲነጻጸሩ ከተማው በሽተኛ፣ ቆላው ጤነኛ መስሎ ይታያል። ቁጥሩን ያየ ባለ ሥልጣንም መድኃኒቱን በሽተኛ ወደ በዛበት ቢልክ አይፈረድበትም። ስለዚህ ሐኪም ያጣ አገር፣ ሐኪም በማጣቱ ምክንያት ሌላ ሐኪም ይከለከላል ማለት ነው። እንዲህ ያለው ጥናት የለካው በሽታን ሳይሆን የሐኪምን ክንድ ርዝመት ነው።

ይህን ስል ሌላ መንገድ የለም ማለቴ አይደለም። መንገዱ አለ፤ አገራችንም ሞክራዋለች። በ2007 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የዓለም ጤና ድርጅት ባዘጋጀው ሥርዓት በመላው አገሪቱ አንድ ትልቅ ጥናት አካሂዶ ነበር። ሥርዓቱ ደረጃ በደረጃ ስለሚሄድ «ስቴፕስ» ይባላል። በመጀመሪያው ደረጃ ስለ ትምባሆ፣ ስለ መጠጥ፣ ስለ ምግብና ስለ አካል እንቅስቃሴ ይጠየቃል። በሁለተኛው ቁመት፣ ክብደት፣ የወገብ ዙሪያና የደም ግፊት ይለካል። በሦስተኛው ሰውየው ሌሊቱን ምግብ ሳይቀምስ አድሮ በጧት ደሙ ለስኳርና ለስብ ይመረመራል። ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 ዓመት የሆነ ከ9 ሺህ በላይ ሰዎች በዚሁ ጥናት ውስጥ ገብተዋል።

ውጤቱ ምን ነበር? ከመቶው ሰው ወደ 16 የሚሆነው የደም ግፊቱ ከፍ ብሎ ተገኘ፤ ወደ 6 የሚሆነው ደግሞ የደሙ ስኳር ከልክ ያለፈ ሆነ። ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመው ግን ከተጠኑት ሰዎች አብዛኛዎቹ ከዚያ በፊት የደም ግፊታቸውን አንድ ቀን እንኳ ተለክተው የማያውቁ መሆናቸው ነው። እነዚህን ሰዎች «ሐኪም ነግሮዎት ያውቃል?» ብሎ ጠይቆ መሄድ፣ ሚዛን ላይ ወጥቶ የማያውቀውን ሰው ክብደቱን ገምት እንደ ማለት ነው። ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ የደም ግፊት ካለባቸው አዋቂዎች ውስጥ ወደ ግማሽ የሚጠጉት በሽታው እንዳለባቸው አያውቁም።

«እንግዲያውስ መለኪያ ከተያዘ ነገሩ አለቀ» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። አላለቀም። መለኪያው ቁጥር ይሰጣል እንጂ «ይህ በሽታ ነው» ብሎ አይናገርም። በሽታው ከየት እንደሚጀምር ወሰኑን የሚያሰምረው ሰው ነው። የ2007ቱ ጥናት የላይኛው ግፊት 140 ወይም የታችኛው 90 የደረሰውን፣ እንዲሁም በመድኃኒት ላይ ያለውን ሁሉ ከታማሚዎቹ ይቈጥራል። እንደ ኤሮፓ አቆጣጠር በ2017 የአሜሪካ የልብ ሐኪሞች ማኅበራት ይህንኑ ወሰን ወደ 130 እና 80 ዝቅ አደረጉት። በዚያች አገር የደም ግፊት አለበት የሚባለው አዋቂ ከመቶ 32 የነበረው በአንድ ጊዜ 46 ሆነ። የማንም ደም አልጨመረም፤ የተንቀሳቀሰው መስመሩ ነው። እንግዲህ «በሽታው በዛ» ወይም «ቀነሰ» የሚል ወሬ ሲሰማ፣ አስቀድሞ «መስመሩ ያው ነውን?» ብሎ መጠየቅ የአስተዋይ ሰው ሥራ ነው።

«ሥር የሰደደ» የሚለውም ቃል ራሱ ወሰን ይፈልጋል። አንዳንዱ ጥናት ሦስት ወር የቆየውን፣ ሌላው ዓመት የሞላውን ሥር ሰደደ ይለዋል። የኤች አይ ቪን ነገር እንይ። መድኃኒቱ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነጻ መታደል ከጀመረ ወዲህ፣ ቀድሞ ፈጥኖ ይገድል የነበረው በሽታ ሰው ለብዙ ዓመታት እየተከታተለ የሚኖርበት ሆኗል። በብዙ ሠንጠረዥ ውስጥ ግን ተላላፊ ስለ ሆነ ከሥር ሰደዶቹ ጋር አይቈጠርም።

የስኳር በሽታም እንዲሁ ነው። ብዙ ሰው፣ ብዙ መጠይቅም ጭምር፣ የስኳር በሽታን የጠገበና የወፈረ ሰው በሽታ አድርጎ ያስበዋል። ነገር ግን በጎንደር ዙሪያ የሚሠሩ ሐኪሞች ከሲታና ድኻ በሆኑ የገጠር ሰዎች ላይ ኢንሱሊን የሚያስፈልገው የስኳር በሽታ እንዳለ እ.ኤ.አ. በ2009 ጽፈው አሳውቀዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ከምግብ እጦት ጋር የተያያዘውን የስኳር በሽታ እ.ኤ.አ. በ1985 በመዝገቡ አስገብቶት ነበር፤ በ1999 አወጣው። በ2025 ደግሞ ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን በባንኮክ ባደረገው ጉባኤ አምስተኛ ዓይነት ብሎ ተቀበለው። አንድ በሽታ ሲገባና ሲወጣ አርባ ዓመት ሆነው። በዚያ ሁሉ ዘመን ግን ከሲታው በሽተኛ መታመሙን አላቋረጠም።

አሁን ወደ ይፋት ቆላ እንመለስና መለኪያው እዚያ ሲደርስ ምን እንደሚያጋጥመው እንይ። ደንቡ ሰውየው ከመለካቱ በፊት ተቀምጦ ይረፍ፣ ቡናና ትምባሆም አይቅመስ ይላል። ጫትም ግፊትን ለጊዜው ከፍ እንደሚያደርግ የታወቀ ነው። እንግዲህ በቆላው ከቀትር በኋላ ከበርጫ ላይ የተነሣውን ሰው የለካ ጠያቂ የሰውየውን ግፊት ለካ ወይስ የጫቱን? የስኳር መመርመሪያውም ወረቀት ከ30 ዲግሪ ሙቀት በታች እንዲቀመጥ ይታዘዛል። በሸዋ ሮቢት ፀሐይ በቦርሳ ተይዞ ሲዞር የዋለ ወረቀት የሚሰጠው ቁጥር እንዴት ይታመናል? በባዶ ሆድ መምጣትን በተመለከተ ደግሞ በረመዳን ሱሑር የበላውንና በዐቢይ ጾም ከማታ ጀምሮ ያልቀመሰውን በአንድ የጧት ሰዓት መመርመር ልዩነት ያመጣል። ይህን ሁሉ አገሩን የሚያውቅ ሰው አስቀድሞ ቢያስብበት የሚታረም ነው።

ከመለኪያው በፊት ደግሞ ቋንቋ አለ። በአገሩ ሰው አነጋገር «ደም ብዛት» የሚለው ቃል ከ«ደም ግፊት» ይልቅ የታወቀ ነው። ይሁንና ቃሉን እንደ ወረደ የሚተረጕም ብዙ ሰው ነው። አንዲት እናት ስጠይቃቸው «እኔ ምን ደም አለኝና ነው የሚበዛው፣ ልጄ? ከስቼ አታየኝም?» ብለውኛል። በሽታው የደም መትረፍ ከመሰለ፣ የከሳ ሰው በእርሱ አይጠረጠርም ማለት ነው። ደግሞም «ጤናዎ እንዴት ነው?» የተባለ ኢትዮጵያዊ አስቀድሞ ፈጣሪውን ያመሰግናል። «ደህና ነኝ» የሚለው መልስ የሕክምና ማስረጃ ሳይሆን የጨዋነት ሰላምታ ነው። መጠይቁን በቢሮ ያዘጋጀ ሰው ይህን ካልተረዳ፣ ሰላምታችንን ቈጥሮ ጤና ነው ይለናል።

እስከ አሁን የተናገርሁት ስለ ተጠየቀው ሰው ነው። ያልተጠየቀስ? የ2007ቱ ጥናት ከ69 ዓመት በላይ የሆነውን አይጨምርም። ሥር የሰደደ በሽታ በዕድሜ እየበረታ የሚሄድ ሆኖ ሳለ፣ የ72 ዓመቷ አሮጊት ከቈጠራው ውጭ ናቸው። እንዲህ ያለው ጥናት የሚዞረው በመኖሪያ ቤት ብቻ ስለ ሆነ፣ በሸዋ ሮቢት ማረሚያ ቤት ያለው ታራሚ አይገኝበትም። ሽንኩርት ለመልቀም ከሩቅ መጥቶ በማሳ ዳር የሚያድረውም የቀን ሠራተኛ የየትኛውም ቤት ሰው ስላልሆነ አይጻፍም። ጠያቂው በእሑድ ቀን ቢመጣም ጕልማሳው ሁሉ ወደ ሰንበቴ ገበያ ወርዷል። ከዚህም ሁሉ በላይ፣ የአገር ጥናት ቁጥር ስለ አገርና ስለ ክልል ይናገራል እንጂ ስለ አንድ ወረዳ አይናገርም። ስለዚህ የቀወት ወረዳ ጤና ጣቢያ «ስንት ሕመምተኛ አለህ?» ቢባል፣ ያ ትልቅ ጥናት መልስ አይሰጠውም።

በዚህ ላይ የሚነሡትን ተቃውሞዎች ልዘነጋቸው አልፈልግም። አንደኛ፣ መለካት ገንዘብ ይጠይቃል፤ መጠየቅ ግን ብዕርና ወረቀት ይበቃዋል ይባላል። እውነት ነው። ነገር ግን የተሳሳተ ቁጥር ርካሽ አይደለም፤ ዋጋው የሚከፈለው ከሌላ ሰው ኪስ ስለ ሆነ ነው ርካሽ የሚመስለው። ያ ገበሬ ክንዱን ከፍሏል። ሁለተኛ፣ በአንድ ቀን የተለካ ሰው ደንግጦ ወይም ደክሞት ግፊቱ ከፍ ሊል ይችላልና ጤነኛውን በሽተኛ እንዳታሰኙት ይላሉ። ይህም ተገቢ ነው። ሐኪምም ቢሆን አንድ ሰው የደም ግፊት አለበት ብሎ ከመወሰኑ በፊት በሌላ ቀን ደግሞ ይለካዋል። ስለዚህ የጥናት ቁጥር የሕዝብን መጠን ለመገመት እንጂ በግለሰቡ ላይ ፍርድ ለመስጠት አይደለም። ሆኖም ለመገመቻ የሚበቃ ቁጥር ለማስጠንቀቂያም ይበቃል።

በበኩሌ ይሻላል የምለውን በአጭሩ ልናገር። በመጀመሪያ፣ የአዋቂን ሥር የሰደደ በሽታ አጠናለሁ የሚል ሁሉ የክንድ መለኪያ ሳይዝ ከቤት አይውጣ። መለኪያ ካልያዘ ደግሞ ውጤቱን «በሽታ ያለበት ሰው» ብሎ አያውጅ፤ «ሐኪም የነገረው ሰው» ብሎ በእውነተኛ ስሙ ይጥራው። ሁለተኛ፣ ከስንቱ ተጠያቂ ውስጥ ስንቱ ከዚህ በፊት ተለክቶ እንደሚያውቅ ከዋናው ቁጥር ጐን ይጻፍ። ይህ አንድ መስመር ብቻ አንባቢውን ከብዙ ስሕተት ያድነዋል። ሦስተኛ፣ ከቁጥሩ ውጭ የቀሩት እነማን እንደ ሆኑ፣ ሽማግሌውም፣ ታራሚውም፣ የቀን ሠራተኛውም፣ በግልጽ ይነገር።

አራተኛ፣ የአገሩን ሰው ቋንቋ እንጠቀም። «ሥር የሰደደ በሽታ አለብዎን?» ከማለት ይልቅ «ከቤትዎ እስከ ገበያ ሲሄዱ ስንት ጊዜ ያርፋሉ? አምናስ ስንት ጊዜ ያርፉ ነበር?» ብንል የይፋት ገበሬ ሳያመነታ ይመልስልናል። ራሱን በሻሽ አስሮ የሚያድረውንም የሚያውቀው የቤት ሰው ነውና ባለቤቲቱም ትጠየቅ። አምስተኛ፣ በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ በየቀበሌው ያሰማራቸው እኅቶች አሉ። እነርሱ ጐረቤቱን በስም ያውቃሉ፤ ቤቱንም ሳይጠሩ ይገባሉ። በየጊዜው የሚመጣውን ትልቅ ጥናት ከመጠበቅ፣ ለእያንዳንዳቸው መለኪያና መዝገብ ቢሰጣቸው ወረዳው የራሱን ቁጥር በእጁ ይይዛል።

ይህ ሕልም አይደለም። በቡታጅራ ከ1979 ዓ.ም. ጀምሮ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች የአንድን አካባቢ ሕዝብ ልደትና ሞት እየተከታተሉ መዝግበዋል። በአዲስ አበባም በ1990ዎቹ ዓመታት የቀብር ቦታዎችን መዝገብ በመከታተል፣ የሟቹንም ቤተ ሰብ ስለ ሕመሙ በመጠየቅ፣ አዋቂዎች በምን እንደሚሞቱ ለማወቅ ተችሏል። ከዚህ የምንማረው ሕዝባችን ሲጠየቅ እንደሚናገር፣ የሚያሳፍረንም የጠያቂው ስንፍና ብቻ እንደ ሆነ ነው። ይሁንና ከሞተ በኋላ ከመጠየቅ በሕይወቱ ሳለ መለካት ይሻላል።

በመጨረሻም አንድ ነገር ልጨምር። የለካ ሰው ዕዳ አለበት። የተለካው ሰው ቁጥሩን በወረቀት ይዞ መቅረት፣ ከፍ ብሎ ከተገኘም ወዴት መሄድ እንደሚገባው መሰማት አለበት። ክንዱን ዘርግቶ፣ ደሙንም ሰጥቶ፣ ቡና አፍልቶ ላስተናገደን ሰው «አመሰግናለሁ» ብቻ ብሎ መውጣት ነውር ነው።

እኔ ያን ጊዜ በእጄ መለኪያ ቢኖርና ለዚያ ገበሬ «አባባ፣ ይህ ቁጥር ከፍ ብሏል፤ ነገ ጤና ጣቢያ ይሂዱ» ብዬው ቢሆን ይሄድ ነበር አይሄድም ነበር፣ አላህ ያውቃል። የማውቀው አለመናገሬን ነው። ባለቤቱ ስለ ሻሹ ሲነግሩኝ እውነቱ በፊቴ ቆሞ ነበር፤ እኔ ግን ዓይኔን ከወረቀቱ ላይ አላነሣሁም። ስለዚህ መጠይቅ ይዘው ወደ ገጠር ለሚወጡ የዕድሜ እኩዮቼ የምመክረው ይህን ነው፦ «የለም» በሚለው ላይ ምልክት ከማድረጋችሁ በፊት ቀና ብላችሁ ሰውየውን እዩት።